በሐኪም ጋራ ቀይ የቀባሁት ተዳፋት

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ለክፍል ሥራ ሐረር ደርሶ ተመለሰ፤ ይህ ለማን ምን ይጠቅማል? ስለ ከተማዋ በሮችና ስለ ጅቦቿ ከእኔ የተሻለ የጻፈ ብዙ ነው። ነገር ግን ከተመለስኩ ጀምሮ ለጓደኞቼ የማወራው የጉዞውን ጥሩ ጥሩውን ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን እዚህ ላስቀምጠው።

አርብ፣ ንጋት

ከድሬዳዋ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። ሚኒባሱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ፤ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። አወዳይ ላይ መንገዱ ጫት በተሸከሙ ሴቶች፣ በጆንያና በመኪና ጡሩምባ ተጨናንቋል። እኔ ግን ዓይኔን ከታብሌቴ አልነቀልኩም። መምህራችን የሰጠን ሥራ ይህ ነው፦ ለእህል የማይሆን ደካማ መሬት ከሳተላይት ምስል ላይ መለየት፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት፣ ጉሎ ወይም ጃትሮፋ ቢተከልበት ለነዳጅ የሚሆን ዘይት ይገኝበት እንደሆነ መገመት። ተስማሚ የሆነው ቦታ በካርታው ላይ ቀይ ይቀባል። መለማመጃ ስለሆነ ከክፍላችን አይወጣም። ያም ሆኖ ከሁሉም ተማሪ የበለጠ ቀይ ይዤ ለመመለስ ቆርጬ ነበር።

አርብ፣ ረፋድ

ሐረር ስደርስ ሸዋ በር ላይ የጠበቀኝ የክፍል ጓደኛዬ ወንድም ነስሮ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። በሳምቡሳ መጥበሻው፣ በሽንኩርቱ ክምርና በረዳቶቹ ጩኸት መሀል ቆሞ ታብሌቴን አየና ሳቀ። «ኢንጂነር፣ መሬቱን በዚች መስታወት ነው የምትቀምሰው?» አለኝ።

ሐኪም ጋራ እግር ስር ነስሮ ከባጃጁ ጋር ቀረ፤ እኔ በእግሬ ወጣሁ። ምስሉ ላይ ያየሁትን ቦታ አገኘሁት፦ ድንጋይ የበዛበት ተዳፋት፣ ሳሳ ያለ ቢጫ ሣር፣ ጠርዙ ላይ ቁልቋል። ከታች በኩል የጫት እርከን አለ። ባለቤቱ ኦቦ ዩስፍ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ፣ ሰላምታ ሰጥተው ማን እንደላከኝ ጠየቁኝ።

ተማሪ ነኝ ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። «ፕሮጀክት ነው» አልኩ። «የነዳጅ ተክል ይተከላል። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ መሬት እየመዘገብን ነው።»

«ይሄ ላሜን ነው የሚያበላው፤ ሥራ አልፈታም» አሉ።

የመምህሬን ድምፅ ይዤ፣ ሣር እንደ ሰብል እንደማይቆጠር አስረዳኋቸው። እሳቸው እያዩ ተዳፋቱን ካርታው ላይ ቀይ ቀባሁት። ጎንበስ ብለው ቀዩን አዩት። ከዚያ ቤታቸው አስገብተው በወተት የፈላ የቡና ቅጠል፣ ቁጢ የሚሉትን፣ አጠጡኝ፤ ሰዎቹ መቼ እንደሚመጡም ጠየቁ። «በቅርቡ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ያከበሩኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያደርኩት ጀጎል ውስጥ፣ በነስሮ እናት ቤት ነው። ግድግዳው ሙሉ በስፌት ያጌጠ ነው። ፉል በላሁ፤ ስንት ቦታ እንደቀባሁ በኩራት ነገርኳቸው። እናቱም «ማሻአላህ» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

ሌላ ቦታ ለማየት በዚያው መንገድ እየወጣን ከሩቅ ዘፈን ሰማን። ተዳፋቱ በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ተሰልፈው በዜማው ልክ ዶማቸውን እያነሱ ይጥላሉ፤ የተነቀለው ሣር ከነሥሩ ተከምሯል። ቁልቋሉ ላይ ገና ያልደረቀ የፍየል ቆዳ ተሰቅሏል።

ነስሮ ጉዛ እንደሆነ ነገረኝ፦ ጎረቤት በሙሉ ለአንድ ሰው ሥራ ይወጣል፤ ባለቤቱም አርዶ ያበላል። ይህን ድንጋይ ለምን እንደሚቆፍሩት ግን እሱም አልገባውም። ሄዶ አንዱን ጠይቆ ሲመለስ ሳቁ ጠፍቶ ነበር። ሥራ የፈታ መሬት የሚወስድ ፕሮጀክት መጥቷል መባሉን፣ የተቆፈረ መሬት አይነካም ብለው ትናንት ከጁምዓ በኋላ መመካከራቸውን ነገረኝ።

«አቦ፣ ፕሮጀክቱ አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ።

ኦቦ ዩስፍን ለብቻቸው ጠርቼ ተማሪ መሆኔን፣ ካርታው የክፍል መለማመጃ መሆኑን ነገርኳቸው። የዶማቸውን አፈር በአውራ ጣታቸው ሲጠርጉ ቆዩ።

«ማንም አይመጣም?»

«ማንም አይመጣም። ይቅር ይበሉኝ።»

ዞረው ሰዎቹን አዩ። «ለእነሱ እንዳትነግር» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የራሳቸውን ሥራ ጥለው ነው የወጡልኝ። በከንቱ ነው ብዬ በምን ፊቴ አያቸዋለሁ? ና፣ እዚያ መሀላቸው ቁምና ቀዩን አጥፋው። ስለተቆፈረ ቀርቷል በል።»

ያሉኝን አደረግሁ። ሰዎቹ ከበቡኝ፤ ታብሌቴ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ፤ ቀዩ ጠፋ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው የሳቁት ኦቦ ዩስፍ ናቸው። አንድ ሽማግሌ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፦ አላህ እውቀቴን እንዲያሰፋው፣ የወለዱኝን እንዲክስልኝ፣ የድሀ መሬት ያተረፈች እጄን እንዲባርካት። ሁሉም «አሚን» አሉ። እኔም አሚን አልኩ። ከዚያ ከፍየሉ ሥጋ ቆርጠው ሰጡኝና በላሁ።

እሑድ እና ከዚያ በኋላ

በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለስኩ። የደንገጎን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድን አላስታውስም። ክፍል ውስጥ መምህሩ ካርታዬን አሳይተው፣ ምስሉን ብቻ ሳያምን ቦታው ላይ የሚታረስ መሬት አግኝቶ ያረመ ተማሪ ብለው አመሰገኑኝ። እውነቱን ላስረዳ ብዬ እጄን አላነሳሁም።

ነስሮ የደወለልኝ ከበልጉ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ በኋላ ነው። የሚይዘው ሣር ስላልነበረ፣ የተቆፈረው አፈር ተንዶ ከታች ያለውን መንገድ ሞላው፤ ተዳፋቱ ላይ የቀረው ድንጋይ ነው። ለኦቦ ዩስፍ ልደውል ቁጥራቸውን ተቀበልኩት፤ እሳቸው ግን ስልኩን ሲያነሱ ስለ አፈሩ አንድም ነገር አላሉኝም። ትምህርቴን ጠየቁኝ፤ ጎብዝ አሉኝ። ነስሮ በኋላ እንደነገረኝ፣ ላሚቱን ሣር አለ ወደተባለበት ወደ እህታቸው መንደር ነድተው አስረክበዋት የተመለሱት ሚያዝያ 4 ቀን ነው።