ባዶውን ያልመለስኩት ሳህን

የፖሊስ ጣቢያውን ማረፊያ ክፍል በር ሲከፍቱልኝ መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ጥቁር አፈር ነው፤ አብጦ በሩን አላስዘጋ ብሏል። ፖሊሱ በእርግጫ ዘጋው። አፈሩን አወቅኩት። እኛው ከምንሠራው መንገድ የተረፈ ሙሌት ነበር፤ ተቋራጩ ለጣቢያው በስጦታ ያራገፈው።

ጥፋቴ ሕዝብን በልማት ላይ ማነሳሳት ተባለ። ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ሥራ ላይ የአፈር ባለሙያ ነበርኩ። መንገዱ የሚያቋርጠው ረግረግ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል፤ ኖራ ካላዋሃዱት መንገድ አይሸከምም። ባለሥልጣናት ሊጎበኙ ሲመጡ ግን ኖራው ነጭ ሆኖ እንዲታይ ላይ ላዩን ተነሰነሰ። ፎቶ ተነስተው ሄዱ፤ በማግስቱ ጠጠር ተደፋበት። በቀበሌ ስብሰባ ገበሬዎቹ ሲጠይቁኝ ያየሁትን ተናገርኩ።

የመሰከረብኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሚዜዬም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከመንገዱ ጓል አንስተን በጣሳ ውሃ እንነክር ነበር፤ ኖራ የተዋሃደው ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ ያልተዋሃደው ይሟሟል። ሁሉም ሲሟሟ አብሮኝ አይቷል። ለፖሊስ ግን ኖራው በደንብ ተደባልቋል፣ ስለ እኔም ሰዎች ልከውት ነው ያወራው አለ። ከእስሩ ይልቅ ይሄ አንገበገበኝ።

አንድ ቀን ይኸው ባልደረባዬ ራሱ ቆጮ በጎመን ይዞልኝ መጣ። እንደ ደንቡ ፖሊሱ ቅመስ አለው። ሲቀምስ ዓይኑን ከሳህኑ አላነሳም።

«ተሳስቻለሁ በል፤ ዛሬውኑ ትወጣለህ። አነጋግሬልሃለሁ» አለኝ።

«ጓሉ ሲሟሟ አላየህም?»

«ልጆች አሉኝ እኮ።»

እኔም ልጆች አሉኝ።

ምግቡን አብረውኝ ለታሰሩት ሰጠሁ። እሱ ሳህኑን ለመውሰድ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። የሰው ሳህን ባዶውን መመለስ እኛ ዘንድ ነውር ነው። በመጠጫ ውሃዬ አጠብኩትና ከወለሉ አንድ ጓል ፈልቅቄ አስቀመጥኩበት። ፖሊሱ አይቶ ሳቀ፣ አፈር ነው ብሎ አሳለፈው። ባልደረባዬ አልሳቀም። በሁለት እጁ ተቀብሎ ሄደ።

ክረምቱ ሲወጣ ያለ ክስ ለቀቁኝ። አሁን አውቶቡሱ እዚያ ረግረግ ላይ ሲደርስ መንገዱ ስለተጎረበጠ ሁላችንም የፊታችንን ወንበር ጨብጠን እንይዛለን፣ ሾፌሩም አፈሩን ይራገማል። አፈሩ ምን አደረገ።

እሱን ቦንጋ ገበያ አገኘዋለሁ፤ ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ ከዚያ አያልፍም። በቀደም ግን ሚስቱ ባለቤቴን፣ ያ ሳህናችን እስር ቤት ቀረ እንዴ ብላ ጠየቀቻት።

«ለባልሽ በእጁ መልሶለታል በያት» አልኳት።