ወደ ኋላ አልሄድ ያለው ማጨጃ

አባቴ በሞተ በሠላሳ አራተኛው ቀን በመካኒክነት የምሠራበት የሰሊጥ እርሻ ባለቤት ከመተማ ገበያ አንድ ቀይ የሳር ማጨጃ ማሽን በትራክተር ተጎታች ጭነው መጡ። ቀኑን የማስታውሰው እየቆጠርኩ ስለነበር ነው። ቀብሩ አምልጦኛል። መርዶው እኔ ዘንድ የደረሰው አባቴ ከተቀበረ ከአምስት ቀን በኋላ፣ ከሸሕዲ ከተማ ነዳጅ ይዞ በተመለሰው የትራክተር ነጂ አፍ ነው። በእኛ ካምፕ ስልክ የሚሠራው የውኃ ታንከሩ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው፤ እሱም ደስ ባለው ቀን። ያን ቀን ታንከሩ ላይ ወጥቼ እናቴን አገኘኋትና «ለአርባው እደርሳለሁ» አልኳት። «አርባው እንኳ አይለፍህ» አለችኝ።

ማሽኑ ሲመጣ እንግዲህ ስድስት ቀን ቀርቶኝ ነበር።

ከካምፑ መውጣት እንደማውራቱ ቀላል አይደለም። እስከ ሸሕዲ ያለው መንገድ ዋልካ ነው፤ ጥቅምት ገብቶም ጎማ ይውጣል። በእግር እንዳልሄድ ሰው በሚታገትበት ዘመን ያን ጫካ ብቻውን የሚያቋርጥ የለም። የሚወጣው ትራክተሩ ብቻ ነው። ትራክተሩ የሚወጣው ከጠባቂዎቹ ጋር ነው፤ ጠባቂዎቹም የሚነሱት ጋሼ ሲሏቸው ነው። ጋሼ የምለው ባለቤቱን ነው፤ ጎንደር ከተማ ደህና ቤት እያላቸው ሰሊጥ ሲደርስ ከእኛ ጋር ቆርቆሮ ስር የሚያድሩ ሽማግሌ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። «መካኒኬ» ነው የሚሉኝ፤ መጀመሪያ ሰሞን ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር። በአራተኛው ዓመት ግን አንድ ቀን ለእንግዳ «ትራክተሬ፣ ጄኔሬተሬ፣ መካኒኬ» እያሉ ንብረታቸውን ሲደረድሩ ሰማሁና እጄን ታጥቤ ከማዕዱ ተነሳሁ። ሌላው ሠራተኛ ሥራ ሲያልቅ ይሄዳል። እኔ ግን አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር መሄጃዬ ይገፋል፣ በቆላ ደግሞ የማይበላሽ ነገር የለም።

ማሽኑ የካርቱም ነው። ጦርነቱን የሸሸ ሰው ይሽጠው፣ ከሸሸ ሰው ግቢ ያነሳው ይሽጠው፣ ገበያ ላይ የጠየቀ አልነበረም። የአንድ ሀብታም ግቢ ሳር ሲላጭ የኖረ ዕቃ እንደሆነ ያስታውቃል። ቢላው ከሥሩ ነው፤ ሞተሩ የኋላ ጎማዎቹን ራሱ ይነዳል፤ ሰው ከኋላ ሆኖ እጀታው ላይ ያለውን ማንሻ ጨብጦ መከተል ብቻ ነው። ጋሼ የገዙት ለእሳት ነው። ዝናቡ ሲያቆም የቆላው ሳር ይደርቃል፤ አንድ ማር ቆራጭ የለኮሰው እሳት ሂላው ላይ ከደረሰ የዓመት ልፋት በአንድ ከሰዓት አመድ ይሆናል። ሂላ የምንለው ታጭዶ፣ ታስሮ፣ እንዲደርቅ የቆመውን ሰሊጥ ነው። ስለዚህ በሂላዎቹና በካምፑ ዙሪያ ሳሩ ተላጭቶ እሳት የማይሻገረው ባዶ መሬት መተው አለበት። አምና በትራክተር ማረሻ ዲስክ ሞክረን ጉቶ ዲስኩን ሰብሮብናል። ዘንድሮ ሳሉጎቹ፣ ማለትም ከደጋ ለአጨዳ የመጡት የቀን ሠራተኞች፣ ረጅሙን ሳር በማጭድ ጥለውታል፤ የቀረውን ማሽኑ ይላጨዋል።

«ሳሩን ጨርስልኝ፤ በጨረስክበት ሰዓት ትራክተሩ ሸሕዲ ያደርስሃል» አሉኝ።

«ቃልዎ ነው ጋሼ?»

«ቃሌ ነው። የአባትህን አርባ እኔ ላስቀርህ?»

ሁለት ቀን የማይሞላ ሥራ ነው። በሠላሳ ስድስተኛው ቀን መንገድ ላይ ነኝ ብዬ ሻንጣዬን ሳይቀር አዘጋጀሁ። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ወደፊት እንደ ደህና ፈረስ ነዳኝ። ጉቶ አጠገብ ስደርስ ማንሻውን ለቅቄ ወደ ኋላ ልስበው ስል ግን የኋላ ጎማዎቹ ችንካር እንደተመታባቸው ቀጥ አሉ። ብስበው መሬቱን እያረሰ ተጎተተ እንጂ አልዞረም። ሁለት ሳሉጎች ጠርቼ እንደ ቃሬዛ ተሸክመው አዞሩልኝ። በቆላ ሜዳ ደግሞ በየአሥር እርምጃው ጉቶ አለ። አምስት ጊዜ ከተሸከሙ በኋላ አንደኛው ጎጃሜ እጁን አራገፈና «ኸረ ጌታው፣ እኛ የመጣነው ሰሊጥ ልናጭድ ነው እንጂ ማሽን ልንሸከምልኸ ነው?» ብሎኝ ሄደ። እውነቱን ነው፤ የደረሰ ሰሊጥ አንድ ቀን ካሳደሩት ፍሬው መሬት ላይ ነው።

ምግብ የምታበስልልን ሴት ይህን ሁሉ ከኩሽናዋ ደጃፍ ቆማ ታያለች። ካርቱም ሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ፣ ጦርነቱ ሲመጣ በገላባት በኩል በአንድ ፌስታል ልብስ የተሻገረች ናት። ባዶ እጄን እናቴ ቤት አልገባም ብላ እኛ ጋር ቀረች። መጣችና «ወንድሜ፣ እኔ የነበርኩበት ቤት እንዲህ ያለ ነበራቸው። አትክልተኛው መጀመሪያ…» ስትል አቋረጥኳት።

«እህቴ፣ አንቺ ወጥሽን አማስዪ። ይሄ ማሽን ነው።»

ሳሉጎቹ ሳቁ። ሻሿን አስተካክላ ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች።

በሠላሳ አምስተኛው ቀን ጎማዎቹን ፈታሁ። እኔ የትራክተር ሰው ነኝ፤ እጄ የለመደው በሁለት ሰው የሚነሳ ብረት ነው። እዚህ ውስጥ ያገኘሁት ግን በየጎማው አንዳንድ፣ ከብር ሳንቲም እምብዛም የማይበልጥ የጥርስ ማርሽ ነው፣ በመካከሉ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት ቁራጭ ብረት ያለው። ደረቅ ሆኖ ሳገኘው «በለው! ግሪስ አልቆበት ነው» አልኩ። በእኛ አገር ለሚጮህ ነገር ግሪስ፣ ለሚሞቅ ነገር ግሪስ፣ ምኑም ላልታወቀ ነገር ግሪስ ነው፤ በጣቴ እየጠቀጠቅሁ ሞላሁት። ግሪሱ ከዋልካው ብናኝ ጋር ተቦክቶ በማግሥቱ ጥዋት ጭቃ ሆነ። ወደ ኋላ እምቢ ይል የነበረው ማሽን አሁን ወደፊትም እምቢ አለ።

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ሁሉንም በቤንዚን አጥቤ መለስኩ። ሞተሩ ተነሳ፤ ማንሻውን ብጨብጥ አይነዳም። ወደ ኋላ ስስበው ግን ያለ አንዳች ችግር መጣልኝ። የቀኙን ማርሽ ለግራ፣ የግራውን ለቀኝ ገጥሜዋለሁ። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ሥራቸው ግን እንደ ጫማ ነው። ከዚያ ወዲያ የሳሉጎቹን አፍ ማን ይዝጋው። «ወደ ካርቱም ሊመለስ ፈልጎ ነው፣ ተወው ይሂድ» ይላል አንዱ። ሌላው ሰላምታውን ትቶ «ወደፊት ነህ ወይስ ወደ ኋላ?» እያለ ያልፈኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብሬ እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን የያዝኩትን መፍቻ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም።

ማታ ማታ ጋሼ መጥተው የፈታሁትን ያያሉ። «ሂድ ልልህ ፈልጌ ነበር» አሉኝ አንዴ። «ነገር ግን አንተ ሄደህ፣ ሳሩ ቆሞ፣ እሳት ቢነሳ?» ሙቀቱ፣ ቆርቆሮው፣ ዙሪያውን የቆመው ቢጫ ሳር፣ ሁሉም አንድ ላይ የተዘጋብኝ መሰለኝ። ሌላው ቢቀር በፖሊስ ብያዝ፣ ማን እንደያዘኝ አውቅ ነበር። እኔን የያዘኝ የሳንቲም ያህል ብረት ነው፤ ይህን ለማን እናገራለሁ።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ጥዋት ማርሾቹን በየቦታቸው መለስኩ። ከማንሻው የሚመጣውን ሽቦ፣ ካቮውን፣ አላላሁ፣ ሞላውን ቀየርኩ። አስነስቼ ነዳሁት። ጉቶው አጠገብ ማንሻውን ለቅቄ ሳብኩት። ቀጥ አለ። አራት ቀን ለፍቼ ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመልሻለሁ። ታንከሩ ላይ ወጣሁ፤ ስልኩ ደስ ብሎት ነበርና እናቴ አነሳች። ጠላው ተጠምቋል፣ ለቄሶቹ ተነግሯል፣ ዳሱ ነገ ይጣላል። «ተነስተሃል አይደል?» አለችኝ። «እየተነሳሁ ነው» አልኳት። ከታንከሩ ወረድኩ።

ወጥ ሠሪዋ በጣሳ ውኃ ይዛ ከታች ቆማ አገኘኋት። ሁሉንም ሰምታለች። ውኃውን ጠጣሁና ጣሳውን ስመልስላት፣ መሬት መሬቱን እያየሁ «ያ አትክልተኛ ምን ያደርግ ነበር?» አልኳት። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማውጣት አራት ቀን ፈጅቶብኛል።

አልሳቀችብኝም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እጀታውን ያዘች፣ ጥቂት ነዳችው፣ ማንሻውን ለቀቀች። ከዚያ እንደ እኔ ወደ ኋላ አልሳበችውም። በጉልበቷ አንድ ስንዝር ያህል ወደፊት ገፋ አደረገችው። ውስጡ ቀጭ አለ። ወደ ኋላ ስትስበው እየተንከባለለ ተከተላት።

«ይኸው ነው» አለች። «እመቤቲቱ ሳሩን ጎትተህ አረስከው እያለች ትቆጣው ነበር። ከዚያ ነው የለመደው።»

ማሽኑ መጀመሪያውኑ አልተበላሸም ነበር። ሲነዳ የነከሰው ጥርስ ማንሻው ስለተለቀቀ ብቻ አይላቀቅም፤ ትንሽ ወደፊት ሲገፋ ነው ፋታ የሚያገኘው። ትራክተር እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም፣ ስለዚህ አላሰብኩትም። «ምነው ታዲያ ያኔ አትነግሪኝም?» ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ነግራኛለች።

ያን ቀን ምሳ ሳልበላ አጨድኩ፤ በማግሥቱም እስከ እኩለ ቀን። ጋሼ ቃላቸውን አላጠፉም፤ የመጨረሻውን ዙር ስጨርስ ትራክተሩ ጠባቂዎቹን ጭኖ ቆሞ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ወንዝ መሻገሪያ ጋ ጭቃ ያዘን። ሸሕዲ ስንደርስ ወደ ጎንደር የሚወጣ መኪና አልነበረም። በአርባኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በተነሳው የመጀመሪያ ሚኒባስ ገባሁ። በየኬላው ውረዱ፣ ተፈተሹ፣ ግቡ። ከጎንደር ሌላ መኪና፣ ከዚያ ደግሞ እግር። ደጃችን ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ የጎረቤት ጎረምሶች የዳሱን ምሰሶ እየነቀሉ ነበር። ቄሶቹ ሄደዋል። ሴቶቹ ሳህን ያጥባሉ።

እናቴ አንገቴን አቅፋ ብዙ ቆየች። «ምን ያዘህ ልጄ?» አለችኝ።

«ማሽን ተበላሽቶ» አልኳት።

ወደ ሴቶቹ ዞረችና «አላልኳችሁም? እሱ ከሌለ ያ ሁሉ እርሻ ይቆማል» አለቻቸው። በኩራት ነበር ያለችው። የተረፈ እንጀራ አቀረቡልኝ፤ አንገቴን ደፍቼ በላሁ።

በሳምንቱ ወደ ካምፑ ተመለስኩ፤ ሰሊጡ ገና አልተራገፈም ነበር። ከተጎታቹ ስወርድ መጀመሪያ ያገኘኋት ወጥ ሠሪዋን ነው። ሻንጣዬን ልትቀበለኝ እጇን ዘርግታ «ለአርባው ደረስክ ወይ?» አለችኝ። «ሳስበው ነው የሰነበትኩት። ቆጣ ስትል ዝም ማለት አልነበረብኝም፣ ደግሜ ልነግርህ ይገባኝ ነበር።»

«ደርሻለሁ» አልኳት።

«ተመስገን» አለችና ሻንጣዬን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ደጁ ላይ የቆመው ማሽን አጠገብ ቀረሁ።