ሳይነካ የሚመለሰው የአጋኔታ ዳቦ

በእኛ ሃይማኖት መበቀል ኃጢአት ነው። ሰው ቢመታህ አትመታም፣ ቢሰድብህ ዝም ትላለህ፤ ከልጅነታችን የተማርነው ይኼንኑ ነው። ታላቅ እህቴ አጋኔታ ግን ለብዙ ዓመት ቂሟን ቋጥራ ኖራ በመጨረሻ ተበቀለች፣ ያውም በዳቦ። እኔ ደግ አደረገች ባይ ነኝ። የሚቆጣ ይቆጣ።

አጋኔታ ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብራለች። የመጀመሪያው ጌርሃርት ሲወለድ ድብልብል ያለ ልጅ ነበር፣ ሦስት ወር አካባቢ እስኪሆነው ምንም አልነካውም። ከዚያ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣበት፤ ቢጠርጉለት ተመልሶ ይመጣል። ሳልና ተቅማጥ ተከተለ። ጡት እየጠባ ከስቶ ሞተ። ቀጥሎ የተወለደው አብራምም በዚያው መንገድ ሄደ።

አብራም በተቀበረ በሳምንቱ ዩስቲና አፏን ከፈተች። ዩስቲና የአጋኔታ ባል እህት ናት፣ የሰፈሩ አዋላጅም እሷው ናት፤ ሁለቱንም ልጆች የተቀበለቻቸው በገዛ እጇ ነው። እሑድ ከሰዓት ለፋስፓ ተሰብስበን ነበር፤ ሴቱ ሁሉ የጋገረውን ዳቦ ይዞ መጥቶ እየበላ ሰው የሚያማበት ሰዓት ነው።

“የአጋኔታን የወተት ባልዲ አሽትታችሁ ታውቃላችሁ?” አለች። “እዚያ ቤት ልጅ እንዴት ይደግ?”

በቃ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የእህቴን ዳቦ የሚነካ ጠፋ። ሳህኗን ሞልታ ትሄዳለች፣ እንደሞላ ይዛው ትመለሳለች። ቤቷ ብቅ የሚሉትም ሴቶች እንደዋዛ ባልዲው ላይ ጎንበስ ይላሉ።

“ለምን ትወስጂላቸዋለሽ?” አልኳት አንድ ቀን።

“አንድ ቀን ዩስቲና ትበላዋለች” አለችኝ።

አጋኔታ የልጆቿን በሽታ ታውቀዋለች። አብራም ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ቺዋዋ ከተማ ወስዳው፣ ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ አስረድቷታል። ልጁ ሲፈጠር ጀምሮ በሽታን የሚመክትለት ነገር በደሙ ውስጥ የለም። መጀመሪያ ላይ ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ያቆየዋል፤ እሱ ሲያልቅ ሌላውን ልጅ የሚያስነጥሰው ጉንፋን ይኼኛውን ይገድለዋል። ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ነው የሚወረሰው። ወላጆቹ ጤነኞች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ግማሹን ሳያውቁት ተሸክመው ይኖራሉ፤ ሁለቱ ግማሾች አንድ ልጅ ላይ የተገናኙ እንደሆነ ነው ጉዱ። “ከዘመዶቻችሁ እንዲህ ያለ ሕፃን ካያችሁ ሳይደክም አምጡት” አላት። “ሰው አይሳመው። የሚስማማ እህት ወይም ወንድም ካለው መቅኒ ተሰጥቶት ሊድን ይችላል።” አጋኔታ ይህን ለዩስቲና መንገር ብትጀምር፣ ሳታስጨርሳት “ሐኪሙ ባልዲሽን አላሸተተ” ብላ ሳቀችባት። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሳቀች።

እኛ ሰፈር ዘመዱን ያላገባ የለም። የዩስቲና ልጅ ሄሌና የእኔንና የአጋኔታን የአጎት ልጅ አገባች። ጤነኛ ሴት ልጅ ወለደች፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ፍራንስን።

ፍራንስ ሦስት ወር ካለፈው በኋላ አንድ እሑድ እንደ ደንባችን ከጭን ወደ ጭን እየዞረ፣ ሁሉም እየሳመው አጋኔታ ጋ ደረሰ። በአውራ ጣቷ ከንፈሩን ገለጥ አደረገች። ነጭ ነው። ለቀጣዩ ጭን አሳልፋ ሰጠችው።

በማግስቱ ቤቷ ሄድኩ። “ዩስቲና ትቅበር” አለችኝ። “እሷም አንድ ትቅበርና ትየው።” እኔ ደግሞ እሰይ አልኩ፤ አልዋሽም። አጋኔታ ሳምንቱን ሙሉ ለማንም አልነገረችም። ቅዳሜ ስሄድ ግን ሊጥ ስታቦካ አገኘኋት።

“ልጁ ምን አጠፋ” አለች ቀና ሳትል። “ግን እንዲሁ አልነግራትም።”

እሑድ ዩስቲና ፍራንስን ታቅፋ፣ አፉ የነጣው ጥርስ ሊያበቅል ስለሆነ ነው ትላለች። አጋኔታ ሳህኗን ፊቷ አስቀመጠችው።

“ብዪ።”

“ጠግቤያለሁ።”

“የልጅ ልጅሽን የያዘውን አውቀዋለሁ፣ የት እንደሚታከምም አውቃለሁ። ብዪና እነግርሻለሁ።”

ዩስቲና ልጁን ወደ ደረቷ ሳበችው።

“በሕፃን ትደራደሪያለሽ?” አለች ዩስቲና።

“አዎ። አንቺ በሁለቱ ልጆቼ ስትስቂ አልነበር?”

ሄሌና ተንደርድራ መጥታ ከሳህኑ አንድ ዳቦ አንስታ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው። “ይኸው በላሁ አክስቴ፣ ንገሪኝ።”

“አንቺን አይደለም የኔ ልጅ። እሷን ነው።”

ሄሌና ወደ እናቷ ዞረች። “እማዬ፣ ብዪ። ካልበላሽ ሁለተኛ ደጄን አትረግጪም።”

ዩስቲና ቆርሳ ጎረሰች። “ሙሉውን” አለች እህቴ። ሴቱ ሁሉ እያየ፣ ፊቷ ደም መስሎ፣ ሙሉውን በላች።

“አሁን ልጁን ለእናቱ ስጪ፤ ከእሷ በቀር ማንም አይንካው” አለች አጋኔታ። “ይኼ የደም ጉድለት ነው። ለእኔ ልጆች ግማሹን እኔ ሰጠሁ፣ ግማሹን ወንድምሽ ሰጠ። ለዚህኛው ደግሞ ግማሹ ከእኛ ቤት መጣ፣ ግማሹ ከአንቺ ማህፀን በሄሌና በኩል። ባልዲ የለበትም።”

በዚያው ሰዓት የሰፈሩን አይብ ወደ ገበያ በሚያመላልሰው መኪና ከተማ ወሰዱት። የእህቱ መቅኒ ተስማማው። ለወራት መስታወት ባለው ክፍል ውስጥ ሲተኛ የምትገባው እናቱ ብቻ ነበረች። ዩስቲና ከውጭ ቆማ በመስታወት ታያለች፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የተቀበለውን እጇን ነርሷ አላስገባም አለቻት። የእጇን ነው ያገኘችው። ፍራንስ ዛሬ ጥጆቻችንን ያባርራል።

ከጌታ እራት በፊት የተጣላ ሁሉ መታረቅ አለበት፣ ያልታረቀ ማዕዱ ላይ አይቀርብም። ዩስቲና የአጋኔታን ደጅ አንኳኳች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

“ይቅር በይኝ” አለች።

“የልጆቼን ስም ጥሪልኝ።”

“ጌርሃርት” አለች ዩስቲና። የሁለተኛው ጠፋባት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ የወጣ ነገር ግን የለም።

“ስታስታውሺው ተመለሺ” አለችና እህቴ በሩን ዘጋችው።

እኛ ዘንድ መቃብር ላይ ስም አይጻፍም። የልጆቹ አባት፣ የዩስቲና ወንድምም በሕይወት የለም። የልደት መዝገቡን የያዘውን የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ መጠየቅ አፈረች። በሦስተኛው ቀን እኔን ከላሞቹ በረት አጠገብ ጠብቃ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የሁለተኛው ልጅ ስም ማን ነበር አለችኝ። አውቀዋለሁ፣ አልነግርሽም አልኳት። በዚያ ዓመት የጌታ እራት ላይ ሦስታችንም አልቀረብንም።