ሞተሩ ሳይወርድ

ዐማራት በሚባለው ሰፈር ውስጥ የአንድ ቪላ ዘበኛ የሆነው ጂብሪል ከፊት ለፊቱ ግቢ፣ ከአሮጌ ሚኒባስ ሥር የወጡ የሴት እግሮች አየ። ከላይ የምትጠቀለልበትን ጨርቅ፣ ቶቧን፣ አጣጥፋ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች፤ ከቀሚሷ ሥር የወንድ ሱሪ ታጥቃለች። ስሟን አያውቅም። የሚያውቀው ባሏ ከታመመ ወዲህ ሚኒባሱን ራሷ እየነዳች፣ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶችን ወደ ማንሺያ ሰፈር እንደምታመላልስ ብቻ ነው።

ጠዋት መካኒኩ መጥቶ፣ «ይኼ የሚያፈሰው ዘይት እንዲቆም ሞተሩ መውረድ አለበት። ኸላስ፣ በቃ፣ ለእኔ ሽጪልኝ» ሲላት በሩን አሳይታዋለች።

በሞተሩና በብረቱ መሀል ያለው ክፍተት እጅ እንኳ የሚያስገባው በግድ ነው። ያረጀውን የዘይት ማገጃ ጎማ በካቻቢቴ ፈልቅቃ አወጣችና አዲሱን ጎማ ዘይት ቀባችው። መዶሻ የሚነሳበት ስፍራ ስለሌለ፣ ብሎን ቀስ በቀስ እያጠበቀች በብሎኑ ግፊት አስገባችው። ክንዷ ተልጦ ይደማል።

«እህቴ፣ በጣም ጠባብ ነው፤ ይቅርብሽ» አላት ጂብሪል መጥቶ አጎንብሶ።

«ከዚህ የጠበበ የእስር ክፍል ውስጥ አምስት ወር ተኝቻለሁ» አለች እጇን ሳታቆም። «ያኔም አትወጪም ብለውኝ ነበር።»

ጂብሪል መሣሪያዎቿን ወደ እጇ አስጠጋላት።

ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሣ፤ ከሥሩ ጠብ ያለ ዘይት የለም። መካኒኩ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«እሺ፣ ወሰንሽ?»

መሪው ላይ እንደተቀመጠች የመኪናውን ጥሩምባ በረጅሙ ነፋችበት። «ያላ፣ ከመንገዴ ዞር በል! ሴቶቹ ማንሺያ ቆመው ይጠብቁኛል።»

ጂብሪል የሚጠብቀውን ቪላ ትቶ ሮጠና የእሷን ግቢ በር ወለል አድርጎ ከፈተላት።