ሦስተኛው በሞቴ

የልጄ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት የመጣች ዕለት ዶሮ አርደን ጠበቅናት። አርብ ገበያ ከተማ ከመኪና ወርዳ ሻንጣዋን ተሸክማ በእግሯ ነበር የመጣችው። ከስታ አገኘኋት፤ ወይም ለእኔ የከሳች መሰለኝ። ስለዚህ ሥጋውን ሁሉ ወደ እሷ ገፋሁት።

«በቃኝ፣ እምዬ» አለች።

«በሞቴ!»

ጎረሰች።

«ይቺን ብቻ፣ በሞቴ።»

«እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ።»

እንቁላሉን በእንጀራ ጠቅልዬ አፏ ድረስ አስጠጋሁት። «አፈር ስሆን፣ በሞቴ!»

እጄን ቀስ ብላ ያዘችው። አልተቆጣችም፤ ፈገግም ብላለች። «እምዬ፣ እምቢ ስልሽ እምቢ ማለቴ ነው። እመኚኝ።»

እጄ አየር ላይ ቀረ። እናቷ፣ አንድዬ ልጄ፣ ከጎናችን ተቀምጣ ነበርና አንገቷን ደፋች። እንቁላሉን ራሴ በላሁት፤ ግን አልወረደልኝም። በዚህ ቤት ሦስተኛ በሞቴ ተመልሶ አያውቅም። ጨዋ እንግዳ ሁለቴ እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው ይቀበላል። እኔ ያደግሁት፣ ልጄንም ያሳደግኋት እንዲህ ነው።

«ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

ነገረችኝ። ትምህርት ሳይጀመር፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ አዲስ ገቢዎቹን ሁሉ አንድ አዳራሽ ሰበሰቧቸው። አንዲት ሴት መምህር ፊት ቆማ ስለ ወንድና ሴት ግንኙነት ሳታፍር ተናገረች። አንዱ ካልፈለገ ሌላው አይነካውም። ፈርቶ እሺ ያለ እሺ አላለም። የጠጣና የተኛ ሰው እሺ ሊል አይችልም። ዝም ያለም እሺ አላለም። ማንም ስለ ሌላ ሰው ሆኖ እሺ አይልም። እሺ ያለም ቢሆን ሐሳቡን መለወጥ ይችላል።

«ከዚያ አንዱ ልጅ ተነሳና፣ ‹የእኛ አገር ሴት እምቢ የምትለው እንድትለመን ነው› አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ» አለች የልጅ ልጄ።

«መምህሯስ?»

«አልሳቀችም። ‹እናትህ ቤት እንግዳ አልበላም ሲል ምን ይባላል?› አለችው። ‹በሞቴ ይባላል› አላት። ‹እስከ ስንት?› አለችው። ‹እስኪበላ!› ይላል። ‹እንግዲያው ከገበታ የተማርከውን ነው ወደ ሰው ገላ ይዘህ የመጣኸው። ተወው› አለችው። ቁጭ አለ።»

«ወንዶቹም እዚያው ነበሩ?»

«አብረን ነው እንጂ!»

«ጸጥ ብለው እየሰሙ?»

«ምን ያድርጉ፣ እምዬ? ስም ይጠራል እኮ። የወጣ እንደቀረ ነው የሚቆጠረው።»

ቀናሁ። ሌላ ስም አልፈልግለትም። በጫማዋ አልቀናሁም፣ በስልኳም፣ ብቻዋን በምትተኛበት አልጋም አልቀናሁም። የቀናሁት በዚያ አዳራሽ ነው። ወንድ ሁሉ ስሙ እየተጠራ ተቀምጦ የሴትን እምቢታ እመን ሲባል የዋለበት አዳራሽ ለእኔ ሳይሠራ ለእሷ ተሠርቶ ጠበቃት።

እኔ ከሦስተኛ ክፍል ነው ያስወጡኝ። የሙሽራው ወገን በቅሎ ይዞ የመጣ ቀን አልሄድም ብዬ ጮኽኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። «የጨዋ ልጅ! እንዲህ ነው እንጂ!» ይላሉ። እናቴ በእኔ ኮርታ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ደግሜ አልሄድም አልኩ፤ እልልታው ጨመረ። በሦስተኛው ድምፄ አለቀና ዝም አልኩ። አንስተው በቅሎዋ ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ወዲያ በባሌ ቤት ያልኩት እምቢታም ሁሉ ከዚያው ከጨዋነቴ ተቆጠረ። ሰውየው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ክፉ አልነበረም። በሬውን እንኳ አይመታም። እመናት ብሎ የነገረው ሰው ነው ያልነበረው። በዚያ አዳራሽ ስለ እሱም ሆኜ ቀናሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ልጅቷን አላስቀመጥኳትም። ውኃ ቅጂ፣ እህል አበጥሪ፣ ግርግሙን ጥረጊ እያልኩ አሯሯጥኳት። «እዚህ ስም የሚጠራ የለም፣ ተነሺ!» እላታለሁ። ትስቃለች። ውኃውን አስቀምጣ ስትመለስ ደግሞ «እስቲ ያን ነገር ድገሚልኝ» እላታለሁ።

«ትናንት ነግሬሽ የለ፣ እምዬ?»

«ረስቼዋለሁ።»

አልረሳሁትም። አንዱን ቃል ሳልስት በቃሌ ይዤው ነበር። እንደገና ሰምቼ እንደገና ለመቅናት ነው።

ልጅቷ የማታውቀው ነገርም ነበር። እሷ ከመምጣቷ በፊት ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተዋል። ልጄ ባሏ ከሞተባት አራት ዓመቷ ነው። ሽማግሌዎቹን የላከው ሰው ስማዳ ያለ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሁለት ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ ነው። መሬታችንን በእኩል የሚያርሰው ጎረቤት የራሱን አርሶ ሲጨርስ ነው ወደ እኛ የሚመጣው፤ ዘሩም ሁልጊዜ ጊዜው ካለፈ በኋላ ይወድቃል። እኔ አርጅቻለሁ። ቤቱ ወንድ ቢገባበት ብዬ ተመኘሁ።

ልጄ ምስር ስትለቅም ነገርኳት። «ይቅርብኝ፣ እማ» አለች። ሴት ልጅ እንዲህ ትላለች ብዬ ደስ አለኝ። ደግሜ ጠየቅኳት። «አልፈልግም አልኩሽ እኮ» አለች፣ ምስሩን ሳትተው። በሦስተኛው ዝም አለች። ተነስቼ ወጣሁና ለሽማግሌዎቹ «እሺ ብላለች» አልኳቸው። ቀኑን ለመቁረጥ ዓርብ ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀጣጠርን።

ሐሙስ ከሰዓት ልጅቷን ያንኑ ነገር እንደገና አስጀመርኳት። እናቷ እንዝርቷን ይዛ ጥግ ላይ ትፈትል ነበር። «ዝም ያለም እሺ አላለም» የሚለው ላይ ስንደርስ እንዝርቱ ቆመ። ጥጡን መሬት ላይ ጥላ ወጣች።

«ምን ሆነች?» አለች ልጅቷ።

ምን እንደሆነች አውቄያለሁ። አውቄም ልቤ እምቢ አለኝ። እኔ ሳልታመን ኖሬ የለም? ኖሬበት፣ ወልጄበት፣ ቀብሬበት! ልጅቷስ ልጅ ናት፣ ዘመኗ ነው። ይቺ ግን ከእኔው ማሕፀን ወጥታ፣ ከእኔው ገበታ በልታ፣ እኔ ያላገኘሁትን በምን ታገኛለች? እንዲህ ብዬ በገዛ ልጄ ቀናሁ። መናገሩ ያሳፍራል፤ ግን ሆኗል።

ይሁን እንጂ የእርዳታ ስንዴ ሲሰፈር ለአንዱ ተቆልሎ ለሌላው ጎድሎ ካየሁ የማልፍ ሴት አይደለሁም። ሰፋሪዎቹ ከሩቅ ሲያዩኝ «መጣችልን!» ይላሉ። የእኔን እምቢታ ያላመኑትን ሁሉ በልቤ ስከስስ የኖርኩ ሴት የልጄን እምቢታ አላመንኩም። መስፈሪያው በእኔ እጅ ነበር፣ ያጎደልኩትም እኔ ነኝ።

አጥሩ ዘንድ ቆማ አገኘኋት።

«ያን ለት ዝም ያልሽው ምን ለማለት ነው?»

«ሁለቴ ተናገርኩ፣ እማ። በሦስተኛው ምን ብዬ ምን አመጣለሁ? አታምኚኝ።»

ወደ ቤት ገባች።

ዓርብ ጾም ስለሆነ እህል ሳልቀምስ ወጣሁ። ገበያው በሰውና በአህያ ተጨናንቋል። ሦስቱም ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል፤ አንጋፋው ገና ሲያየኝ «ይቀመጡ» ብሎ ከድንጋዩ ተነሳልኝ።

«ልጄ አልፈልግም ብላለች» አልኩ፣ ሳልቀመጥ።

ሳቀ። «መቼስ ሴት እንዲያ ትላለች፣ እመይቴ።»

«እኔም እንዲያው ነው ያልኩት። ተሳስቻለሁ።»

«እሺ ብላለች አሉን እኮ! በእነዚህ ሰዎች ፊት!»

«እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ከእሷ አፍ አልወጣም።»

ሁለተኛው ጣልቃ ገባ። «ይቺ ተማሪ ናት ነገሩን ያበላሸችው። ዳኛ ሆና መጣችብን በሉኛ!»

«የእርስዎን አህያ እዚህ ገበያ አውጥቼ ብሸጥ ምን ያደርጉኛል?»

«አስይዝዎታለሁ፣ ሌላ ምን አለ!»

«የሰው አህያ የሸጠ የሚያዝ ከሆነ፣ በሰው ሰውነት ላይ እሺ ያለችውን ለምን ቁጭ በይ ይሏታል? ቃሌን አንስቻለሁ። ለሰውየው ንገሩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሱ አይደለም።»

አንጋፋው በትሩን አነሳ። «ከእንግዲህ ደጅዎን የሚረግጥ ሽማግሌ የለም።» ዞር ብሎም አላየኝ። አጠገባችን ጨው ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ «አበጀሽ» ስትል ሌላዋ «ጃጅታለች» ስትል ሰማሁ።

የመልሱ መንገድ ረዘመብኝ። ባዶ ሆዴን ነኝ፣ ጉልበቴም ይቆረጥመኛል፤ ይበልጥ የከበደኝ ግን አንድ ሐሳብ ነው። ለእኔ ማን እንዲህ ሄደልኝ? እናቴ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። እኔ ለልጄ ይህን ሁሉ መንገድ ሄድኩ፤ ለእኔ ግን ከጎጆው እስከ በቅሎዋ ድረስ እንኳ የተራመደ አልነበረም። እያንዳንዱን እርምጃ በልጄ እየቀናሁ ሄድኩት። ግን ቃሌን ላጥፍ ወደ ዋርካው አልተመለስኩም።

ቤት ስደርስ «ቀርቷል» አልኳት። አላመሰገነችኝም። እንዝርቷን አነሳችና መፍተሏን ቀጠለች። ጥቂት ቆይታ በአፍንጫዋ ማንጎራጎር ጀመረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

የጾሙን ሽሮ አቀረቡ። ልጄ አንድ አጎረሰችኝ፣ ሁለተኛውንም ጠቅልላ ዘረጋችልኝ።

«በቃኝ» አልኩ፣ እንደ ልማዴ።

እጇ ቆመ። ልጇን አየቻት፤ ልጇም እናቷን አየቻት። ልጄ ጉርሻውን መለሰችና ራሷ በላችው። በሞቴ ያለኝ የለም።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ብዬ ታመንኩ። ርቦኝ ደግሞ ሞቻለሁ! ሁለቱ እየተጨዋወቱ ይበላሉ፤ ሽሮው እያለቀ ነው፤ እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አያለሁ። በሞቴ ካልተባለ እንዴት ተደርጎ እንደሚበላ አላውቅም። እፈልጋለሁ የሚለውን ቃል ለራሴ አውጥቼው አላውቅም ነበር።

«ስሙ» አልኩ በመጨረሻ።

ሁለቱም ቀና አሉ።

«እፈልጋለሁ። አጉርሱኝ።»

የልጅ ልጄ እስክታነባ ሳቀች። ልጄ ግን አልሳቀችም። ትልቁን ጠቅልላ አፌ ድረስ አመጣችና አስጠግታ ቆመች፣ እስክከፍት።