ሽታዬ የሚባለው ስማችን

ቢሮ በገባሁ ቁጥር የሚገጥመኝ ያው ነው። «ሙሉ ስም?» ይሉኛል። «አበረ እንዳላማው ሽታዬ።» «የአያትህን ስም እኮ ነው የጠየቅሁህ!» «እኔም የነገርሁህ እሱኑ ነው።» አዎ፣ ሦስተኛው ስሜ የሴት ነው። ማፈሩን ለሚያፍር ትቼ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

አያቴ ሽታዬ ጎጃም ውስጥ የአምበር ገበሬ ሚስት ነበረች። ጣልያን ደብረ ማርቆስን ሲይዝ ባሏ አወቀ ጠመንጃውን አንግቶ ዱር ገባ፤ እሷ ከልጇ ከእንዳላማው ጋር ቀረች።

በ1930 ዓ.ም. አንድ የገበያ ቀን የጣልያን ሹም ጸሐፊና ወታደር አስከትሎ ገበያው ድረስ መጣና የየቤቱን ሰው ይመዘግብ ጀመር። ጸሐፊው አገሬውን የማያውቅ እንግዳ ነበር። የአርበኛ ልጅ መሆኑ የታወቀ ልጅ መያዣ ተደርጎ ይወሰዳል፣ ቤቱም ይቃጠላል። የሽታዬ ተራ ደረሰ።

«የልጁ አባት ማን ይባላል?»

«አባት የለውም።»

«ሞቷል?»

«ባል አግብቼ አላውቅም። በእኔ ጻፈው፤ እንዳላማው ሽታዬ በለው።»

በእኛ አገር «የሴት ልጅ» ስድብ ነው፤ አባት ያልቀጣው፣ ሥርዓት የጎደለው ማለት ነው። በቁርባን ያገባች ሴት ገበያ መሀል ራሷን እንዲህ ስታዋርድ ጎረቤቶቿ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። አንድም ሰው ግን ትንፍሽ አላለም። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለውን ያን ገበያ ያየ ሰው ያለው ይመስለኛል። ጸሐፊው እየሳቀ ጻፈ።

ልጁ ተረፈ፤ ስሙም በዚያው ተጣበቀበት። ሽታዬን እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነገር ነው። የጎጃም ወንድ ስሙን ከልጁ ላይ የነቀለችበትን ሚስት ይቅር ይላል ወይ?

በ1933 ጣልያን ሲወጣ አወቀ ጠጉሩን አጎፍሮ መጣ። ገና ደጃፍ ላይ እግሩ ሥር ወድቃ ሁሉንም ነገረችው። ሰማት፤ አነሳትና ምንም ሳይል ገባ። «ሊፈታኝ ነው» ብላ ቆረጠች።

በሳምንቱ ለአርበኞቹ ድግስ ተደግሶ ወንዶቹ እየተነሡ ፎከሩ። የሚፎክር ወንድ የአባቱን ስም ይጠራል፤ ወጉ ይኸው ነው። አወቀ ጠመንጃውን ይዞ ብድግ አለ።

«ዘራፍ! አወቀ! የሽታዬ ባል! የእንዳላማው ሽታዬ አባት!»

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። አያቴ ብቻ እልል ማለት አልቻለችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር።