መብረቁና የነጋዴው ካፖርት

ፍርድ ቤቱ በሙሉ «መብረቁ» ነበር የሚለው። ሥራው ችሎቱ በር ላይ ቆሞ ባለጉዳይ መጥራት ነው። ሲጣራ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይም ምላጩን ከደንበኛው አንገት ያርቃል። ሚስቱማ «እባክህ ቤት ውስጥ በምልክት አናግረኝ» ካለችው ቆየች።

አንድ ቀን አሮጊት ጎረቤቱን «አጥራቸው መሬቴን ነካ» ብሎ የከሰሰ ነጋዴ፣ አዲስ ካፖርት አንጠልጥሎ ደረጃው ሥር ጠበቀው።

«ወንድሜ፣ ይቺ ላንተ ናት። ነገ አሮጊቷን ስትጠራ ድምፅህን ዝቅ አድርጋት። ጆሯቸውም ያን ያህል ነው። ካልገቡ በሌሉበት ይፈረድልኛል።»

«ኧረ ይሄ እኮ ጉቦ ነው!» አለ መብረቁ። ግቢው ያስተጋባል። ነጋዴው ተሯሩጦ አፉን ከደነው። መብረቁ ግን ይህን ሲል አንድ ክንዱን እጅጌው ውስጥ አስገብቶ ነበር። ልክክ አለ። ልቡ ተሸነፈ።

በማግስቱ አሮጊቷ ግቢው ጥግ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። መብረቁ በሩ ላይ ቆሞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ባለ በሌለ ጥበቡ አንሾካሾከ። «ተከሳሽ፣ እማማ...»

«መጣሁ ልጄ፣ ምን ያስጮኽሃል!» ብለው ተነሡ።

ነጋዴው አሮጊቷ ሲገቡ ሲያይ ደሙ ፈላ። የት እንዳለ ረስቶ ብድግ አለ። «ካፖርቴን! ካፖርቴን መልስ!»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «የምን ካፖርት?»

ነጋዴው ለመመለስ አፉን ከፈተ። መብረቁ በድንጋጤ አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ በሹክሹክታ መሆኑ ነው፣ «ዝም በል አንተ፣ ጉቦ መሆኑ ይታወቅብናል!» አለው።

ከፀጉር ቤቱ ሳይቀር የሳቅ ድምፅ መጣ።

ሁለቱም በጉቦ ተከሰው ታሰሩ፤ ካፖርቱም የማስረጃ ኤግዚቢት ሆኖ ፍርድ ቤት ቀረ። የአጥሩ ክርክር ለአሮጊቷ ተፈረደ።

መብረቁ ሲፈታ አንገቱን ደፍቶ አሮጊቷ ደጅ ሄደ። «እማማ፣ በድዬዎታለሁ።»

«ብድል አድርገኸኛል እንጂ! አሁን ግን ሚስማር ያዝ፤ ያቺ አጥር ዘማለች።»

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሲመታ ዋለ፤ አውራ ጣቱንም መታ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ተራ ተሳፋሪ ይጠራል። ሾፌሮቹ ይሻሙበታል፤ እሱ ግን የሚጠራው በተራቸው ብቻ ነው።